በቤታችን ውል ውስጥ ያገኘሁት አንድ ዓረፍተ ነገርና የልጄ ትምህርት ቤት (ሚኒያፖሊስ)

የኖኮሚሷ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን መድረክ ለዓመታት ሳነብ ቆይቼ ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነውና ቢረዝምባችሁም በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ በደቡብ ሚኒያፖሊስ፣ ከኖኮሚስ ሐይቅ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ፣ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ምድር ቤት ያላት አነስተኛ ቤት ገዛን። በክሎዚንጉ (በሽያጩ መፈራረሚያ) ዕለት ከፊታችን የተቆለለውን ወረቀት ማንም አንብቦ አይጨርሰውም፤ እኛም ፈረምን፣ ቁልፉን ተቀበልን፣ ቡና አፍልተን ወዳጅ ዘመድ ጠራን። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ለኢንሹራንስ ጉዳይ ፋይሉን ሳገላብጥ በታይፕራይተር የተመታ፣ ፊደሎቹ የደበዘዙ የድሮ የሽያጭ ውል ቅጂ አገኘሁ። ቤቱ ከመንገዱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበትና ግንባታው ከስንት ዶላር ማነስ እንደሌለበት ከሚገልጹት አንቀጾች ቀጥሎ፣ ይህ ይዞታ ከነጭ ዘር ውጪ ለሆነ ሰው ሊሸጥም ሆነ ሊከራይ እንደማይችል፣ በቤቱ ሊያድሩ የሚፈቀድላቸው ሌሎች ሰዎች የባለቤቱ የቤት ሠራተኞች ብቻ እንደሆኑ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ባለቤቴ "እንግዲህ እኛ የገባነው በሠራተኛ ደንብ ነው ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አንቀጹ ዛሬ የሕግ ኃይል እንደሌለው አውቃለሁ። ሆኖም ልጃችን በመጪው መስከረም ኪንደርጋርተን ትገባለችና በዚያው ሰሞን ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። የማውቃቸው ሐበሻ ወላጆች ሁሉ፣ ያለ ማጋነን ሁሉም፣ የሰፈሩን ትምህርት ቤት ትተን በኦፕን ኢንሮልመንት (ልጅን ከሚኖሩበት ወረዳ ውጪ ማስመዝገብ በሚፈቅደው ደንብ) ኢዳይና ወይም ሌላ የዳርቻ ከተማ እንድናስመዘግባት ይመክሩናል። ምክንያቱን ስጠይቅ "እዚያ ጥሩ ነው" ከማለት በቀር ማብራሪያ የሚሰጠኝ የለም። አንዲት እህት ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የልጆቹን ዓይነት አይተሽ ፍረጂ" አለችኝ። የልጆቹ ዓይነት ማለት እንግዲህ የእኔን ልጅ የሚመስሉት ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይህን አንቀጽ በሕግ ማሻር ይሻላል ወይስ እንደነበረ መተው? ሁለተኛ፣ የቤቱ ውልና የትምህርት ቤቱ ምርጫ በእኔ አእምሮ አንድ ጉዳይ ሆነውብኛል፤ የምሳሳት ከሆነ አርሙኝ።

ነባር ሴንትፖላዊ

እኅቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። አልተሳሳትሽም፤ ከሱዳን በስደተኛነት እዚህ አገር ከገባሁ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነውና የማውቀውን ላካፍል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በሚኒያፖሊስ የዚህ ዓይነት የዘር ገደብ በሽያጭ ውል ላይ ሰፍሮ የተገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1910 ነው። ሄንሪና ሊዮኖራ ስኮት የተባሉ ባልና ሚስት በ35ኛው አቬኑ ደቡብ ያለ ቦታቸውን ሲሸጡ፣ መሬቱ የቻይና፣ የጃፓን፣ የሙር፣ የቱርክ፣ የኔግሮ፣ የሞንጎልና የአፍሪካ ደም ወይም ትውልድ ላለው ለማንኛውም ሰው በምንም ጊዜ እንዳይተላለፍ፣ በዕዳ እንዳይያዝና እንዳይከራይ አሰፈሩ። "የአፍሪካ ደም" የሚለውን ልብ በይልኝ። በጊዜው በከተማዋ ውስጥ የሚታወቅ አንድ ኢትዮጵያዊ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ውሉ ግን እኛን ከመምጣታችን በፊት መዝግቦን ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ኤድመንድ ዋልተንን የመሳሰሉ የመሬት ነጋዴዎች ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ሰፈር በሰፈር እየደገሙ አስገቡት። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ "ማፒንግ ፕሬጁዲስ" የተባለ ቡድን ከ2016 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እርዳታ የድሮ ውሎችን አንድ በአንድ እያስነበበ በሺዎች የሚቆጠሩትን በካርታ ላይ አስቀምጧል። ካርታውን ስታዪው ገደቡ በሐይቆቹ ዙሪያ፣ በፓርኮቹ ጠርዝና በሚኒሃሃ ወንዝ ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ታገኚዋለሽ። ውሃና ጥላ ባለበት ሁሉ ማለት ነው።

ወረቀቱ ብቻውን ግን አልሠራም። በ1931 አርተር ሊ የተባለ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ጥቁር ወታደር፣ ከባለቤቱ ከኢዲትና ከትንሽ ልጃቸው ጋር በ46ኛው ጎዳናና በኮሎምበስ አቬኑ ማዕዘን ላይ ቤት ገዛ። በሐምሌ ወር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ምሽት ምሽት ቤቱን እየከበበ ድንጋይና ቀለም ይወረውርበት ነበር። ሊ ግን በፈረንሳይ ጭቃና ውሃ ውስጥ ሆኖ ለዚህ አገር ሲዋጋ ማንም ውጣ እንዳላለው አስታውሶ አልወጣም አለ። ጠበቃው ሊና ኦሊቭ ስሚዝ ነበረች፤ በሚኒሶታ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ቤተሰቡ ከሁለት ዓመት በላይ በፖሊስ ጥበቃም ያለ ጥበቃም ጸንቶ ከቆየ በኋላ በመጨረሻ ለቆ ሄደ።

በ1934 የፌዴራሉ መንግሥት ኤፍ ኤች ኤን (የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርን) አቋቁሞ የቤት ብድር ዋስትና መስጠት ሲጀምር፣ የራሱ መመሪያ የዘር ገደብ ያለበትን ሰፈር አስተማማኝ፣ ጥቁር የሚኖርበትን ደግሞ አደገኛ ብሎ ፈረጀ። ስለዚህ ነጩ ሠራተኛ በዝቅተኛ ወለድ ቤት ሲገዛ ጥቁሩ ሠራተኛ በተመሳሳይ ደመወዝ ተከራይ ሆኖ ቀረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እነዚህን ገደቦች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ ሚኒሶታ በ1953 አዲስ ገደብ መጻፍን ከለከለች፤ በ1962 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ማዳላትን በሕግ ከለከለች። በ1968 የወጣውን የፌዴራል ሕግ ከማሳቹሴትሱ ጥቁር ሴናተር ከኤድዋርድ ብሩክ ጋር ሆኖ ያቀረበው የእኛው የሚኒሶታ ሴናተር ዋልተር ሞንዴል ነበር። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ግን ሰፈሮቹ ተለይተው አልቀዋል፤ ቤቶቹም ለልጆች መተላለፍ ጀምረዋል።

ወደ ሴንት ፖል እንደመጣሁ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ፣ በበጋ ማታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ወደ ኢንተርስቴት 94 እያመለከቱ "የእናቴ ማድ ቤት እዚያ፣ ከሁለተኛው ሌይን ሥር ነው" ይሉኝ ነበር። ሮንዶ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ማለት ነው፤ ከ1956 እስከ 1968 መንገዱ መሐል ለመሐል ሲሠራበት ከ500 በላይ ቤተሰቦች ተነቅለዋል። ከንቲባው በ2015 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ በታክሲ ሥራዬ በዚያ መንገድ ለሃያ ዓመታት ስመላለስ አንድም ቀን እሳቸውን ሳላስብ አላለፍኩም።

ኑሮ በዘዴ

ታሪኩን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ። ነገር ግን የሚሰማኝን በግልጽ መናገር አለብኝ። የተፈጸመው በደል እውነት ነው፤ የተፈጸመው ግን በእኛ ላይ አይደለም። እኔ እዚህ አገር ስገባ ኪሴ ውስጥ 200 ዶላር ነበር፤ በፓርኪንግ ቤትና በሌሊት ጽዳት ሠርቼ፣ ባለቤቴ በነርሲንግ ረዳትነት ድርብ ሺፍት ሠርታ በስምንት ዓመት ውስጥ በዳርቻ ከተማዋ ብሩክሊን ፓርክ ላይ ቤት ገዝተናል። የሚያውቁን ሁሉ፣ ኢገንና ዉድበሪ ያሉትም ጭምር፣ በዚሁ መንገድ ነው የገዙት። ማንም ዘራችንን አልጠየቀንም፤ የጠየቁን ክሬዲታችንንና የሁለት ዓመት ታክሳችንን ነው። የሌላውን ሐዘን ተሸክመን ልጆቻችንን ተበዳይ ነን ብለው እንዲያስቡ ማሳደግ ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል?

ስለ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። ሕጉ የፈቀደውን ምርጫ መጠቀም ነውር አይደለም። ልጄን ለአንድ መርሕ መሞከሪያ አላደርጋትም፤ እህታችንም አታድርጋት።

የብድር ቤት ሠራተኛ

ወንድሜ ኑሮ በዘዴ፣ ድካምህን የምታቃልል ሴት አይደለሁም፤ እኔም እንዳንተው ነው የጀመርኩት። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነውና "ዘራችንን አልጠየቁንም" ያልከውን ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ሆኜ ላስረዳ።

ሁለት ደንበኞች ይቅረቡ እንበል፤ ደመወዛቸውም ክሬዲታቸውም ተመሳሳይ ነው። የአንደኛው ወላጆች በ1950ዎቹ በሐይቁ አጠገብ ቤት ከገዙ አያቶች የወረሱትን ሸጠው ለልጃቸው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያ) በስጦታ ይሰጡታል፤ አንዲት ገጽ የስጦታ ደብዳቤ ይፈርሙና ጉዳዩ ያልቃል። 20 በመቶ በመክፈሉም ፒ ኤም አይ የሚባለውን ተጨማሪ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ሁለተኛው ወላጆቹን የሚረዳው እሱ ነው። የሰበሰበው 5 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ዕቁብ የደረሰው ነው። የዕቁቡ ገንዘብ በአንድ ቀን ሲገባ የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ይታያልና "ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?" የሚል ጥያቄ ከአንደርራይተሩ (ብድሩን ከሚመረምረው ሰው) ይመጣል። ዕቁብ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ማብራሪያ ብዛት ብቆጥረው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ገንዘቡ ሁለት ወር አካውንት ውስጥ ተቀምጦ እስኪቆይ ድረስ አይሆንም ይላል። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ቤቱ ለሌላ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘር የሚል ቃል አልተነሣም፤ የተነሣው የአያት ቤት ነው።

በሚኒሶታ ከአራት ነጭ ቤተሰቦች ሦስቱ ያህል የሚኖሩት በራሳቸው ቤት ሲሆን፣ ከጥቁር ቤተሰቦች ግን ቤት ያለው አንድ ሦስተኛ እንኳን አይሞላም። ይህ ልዩነት በመላ አገሪቱ ካሉት በጣም ሰፊዎች አንዱ ነው፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ ደግሞ "ጥቁር" ተብለን የምንቆጠረው እኛም ነን።

የኖኮሚሷ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ዝርዝሩን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሴዳር 6ኛ ፎቅ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሕንፃ ላይ የምንኖር ብዙዎቻችን፣ ሶማሌም እንሁን ኦሮሞ ወይም የወሎ ሰው፣ ሙስሊም ስለሆንን ወለድ ያለበት ብድር አንወስድም። ይህን የሚያውቁ ሻጮች ኮንትራክት ፎር ዲድ በሚባል መንገድ ያለ ባንክ ቤት እንሸጥላችሁ ይላሉ። ወለድ የለውም ይሉናል፤ ዋጋው ግን ከገበያው በላይ ይሰቀላል። ክፍያው ተጠናቅቆ እስኪያልቅ ባለቤትነቱ በሻጩ እጅ ይቆያል፤ በየወሩ ከሚከፈለው ባሻገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ትልቅ ክፍያ አለ፤ ያን ያላሟላ ሰው ደግሞ በአጭር ማስታወቂያ ውሉ ተሰርዞ የከፈለውን ሁሉ ትቶ ይወጣል። የእህቴ ባል በዚህ ሁኔታ ከነልጆቹ ወደ ኪራይ ተመልሷል። የምድጃውን፣ የጣሪያውንና የመስኮቱን ጥገና ሁሉ ያወጣው እሱ ነበር። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በ2024 ለገዢዎች የሚደረገውን ጥበቃ አጠናክሯል፤ ለእርሱ ግን አልደረሰለትም።

ይህን ያነሣሁት ለምን መሰላችሁ፣ ነባሩ አባታችን በጠቀሱት ዘመን ባንክ የማያበድራቸው ጥቁር አሜሪካውያንም ቤት ይገዙ የነበረው በዚሁ ዓይነት ውል ነበር።

የሰሜን ሚኒያፖሊስ መምህርት

ስለ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ ልናገር፤ በሰሜን ሚኒያፖሊስ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መጀመሪያ በረዳትነት፣ አሁን በመምህርነት ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ልዩነቱ የሚመጣው ሀብታም ሰፈር በንብረት ግብር ሀብታም ትምህርት ቤት ስለሚያቋቁም ነው ይላል። በሌሎች ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህ ትክክል ነው። ሚኒሶታ ግን ከ1971 ጀምሮ የትምህርት ወጪውን አብዛኛውን ድርሻ ከክፍለ ግዛቱ ካዝና ስለምትከፍል በወረቀት ላይ የሚታየው በጀት ያን ያህል አይራራቅም፤ እንዲያውም ድሃ ተማሪዎች የሚበዙበት ትምህርት ቤት ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ታዲያ ልዩነቱ በየት በኩል ይገባል? በእኔ ኮሪደር ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ24 ተማሪዎቼ ዘጠኙ ወላጆቻቸው ከኪራይ ቤት ስለተነሡ ትምህርት ቤት ቀይረዋል፤ በምትካቸው ሌሎች ሰባት በዓመቱ አጋማሽ ገብተዋል። ከበሬ አጠገብ የስም መለያ የምለጥፍበት ሰሌዳ አለ። በየካቲት ወር ሙጫው እንዳይታይ በአሮጌው ስም ላይ አዲሱን ስደርብ፣ ስለ ንባብ ውጤት የሚከራከሩት ሰዎች ይህን ሰሌዳ ቢያዩት እያልኩ አስባለሁ። ከእኔ ጋር የጀመሩት መምህራን ልምድ ሲያካብቱ በደቡብ ምዕራብ ወዳሉት ትምህርት ቤቶች ተዛውረዋል፤ እዚያ የወላጆች ማኅበሩ በአንድ ምሽት ጨረታ የሚሰበስበው ገንዘብ ተጨማሪ ረዳት ይቀጥራል። የእኛ ወላጆች በዚያው ምሽት ሥራ ላይ ናቸው።

"ነጥቡ ዝቅተኛ ነው" የሚባለውም የፈተና ውጤት ከመምህሩ ጥራት ይልቅ በአብዛኛው የወላጆችን ገቢና የቤቱን መረጋጋት የሚለካ ነው። የሪል እስቴት ወኪሎች ስለ ሰፈር ዘር መናገር በሕግ ስለተከለከሉ "ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት" ይላሉ፤ ገዢውም ይገባዋል፣ ወኪሉም መግባቱን ያውቃል።

ይህ ከተማ ሌላ መንገድ ሞክሮ ያውቃል። በ1971፣ ከነጮች ውጪ ተማሪ ያልነበረው ለማለት የሚቻለውን ሄል የተባለ ትምህርት ቤትና ጥቁሮች የሚበዙበትን ፊልድ የተባለውን አጣመሩ፤ ትንንሾቹ ክፍሎች በአንደኛው፣ ከፍ ያሉት በሌላኛው እንዲማሩ ተደረገ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ ማይል ተኩል እንኳን አይራራቁም፤ ያራራቃቸው የቤት ገደቡ ነበር። ፊልድ ደግሞ ነባሩ ጋሼ ከጠቀሱት ከአርተር ሊ ቤት ጥቂት ብሎኮች ብቻ ነው የሚርቀው። ብዙ ወላጅ ጮኾ ነበር፤ ልጆቹ ግን አብረው ተማሩ። በ1972 የፌዴራሉ ዳኛ ኧርል ላርሰን ከተማዋ ተማሪዎችን ሆን ብላ እንደለያየች ወስነው ቁጥጥሩ እስከ 1983 ቆየ። ከዚያ በኋላ ክፍለ ግዛቷ በ1988 ኦፕን ኢንሮልመንትን ለሁሉም ከፈተች፣ በ1991 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የቻርተር (በሕዝብ ገንዘብ ራሱን ችሎ የሚተዳደር) ትምህርት ቤት ሕግ አወጣች። ሁለቱም ለአንዳንድ ቤተሰቦች መልካም በር ነበሩ፤ እኛ ሐበሾችም ሆንን ሶማሌዎች ቋንቋችንንና ሃይማኖታችንን በሚያከብሩ ቻርተሮች ልጆቻችንን አስተምረናል። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የሚመስለውን ሲመርጥ ክፍሎቹ እንደገና ተለያዩ። በ2015 ወላጆች ክፍለ ግዛቷን ከሰው ክሩዝ ጉዝማን በሚባለው መዝገብ ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተዋል። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ክሱ እንዲታይ ፈቅዶ፣ በ2023 ግን መለያየቱ ብቻውን ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ፣ ትምህርቱ በቂ እንዳይሆን ጉልህ ምክንያት መሆኑን ወላጆቹ ማስረዳት እንዳለባቸው ወሰነ። ክሱ ሲጀመር አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ በዚያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ደርሷል።

እዚህ ያደግኩት

አማርኛዬ ቢሰናከል ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የመጣሁት በአራት ዓመቴ ነው። ስለ አውቶቡሱ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ።

ከ2001 ጀምሮ ከክስ ስምምነት የመነጨ "ዘ ቾይስ ኢዝ ዩርስ" የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የሚኒያፖሊስ ልጆች መጓጓዣ ተችሏቸው ወደ ዳርቻ ከተሞች ሄደው ይማሩ ነበር። እኔ አንዱ ነበርኩ። እናቴ በሌሊት ሺፍት ላይ ሆና በስልክ በፈረንጅ ሰዓት ከንጋቱ 5:30 ላይ ትቀሰቅሰኛለች፤ በጥር ወር ጨለማና ብርድ ውስጥ ቆሜ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ትምህርት ቤቱ በእውነት ጥሩ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ማይክሮስኮፕ ነበረው፣ ኬሚስትሪን የወደድኩት እዚያ ነው። ነገር ግን የማታው አውቶቡስ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር የሳይንስ ክበቡ ሙከራውን ሳይጨርስ እኔ ጃኬቴን መልበስ ነበረብኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄጃለሁ፤ እኛ ቤት የመጣ ግን አንድም የለም። በካፊቴሪያው ከእኛው አውቶቡስ የመጣነው አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ ነበር። በጥቁር አሜሪካውያኑና በእኛ መካከል ልዩነት አለ የሚለውን ወላጆቻችን እቤት ያስተማሩን ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም አልጠየቀንም።

ጋሽ ኑሮ በዘዴ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ልጅ የመርሕ መሞከሪያ አይደለም። እኔም እናቴን አልወቅሳትም፤ ዛሬ ፋርማሲስት ነኝ። ዋጋው ግን በነፃ አልነበረም። ሰፈሬ ያሉት የእኩዮቼ ትምህርት ቤት ደግሞ እኛን ባጣ ቁጥር መምህርና የሙዚቃ ክፍል አጥቷል፤ ገንዘቡ የሚከተለው ተማሪውን ነውና።

ኑሮ በዘዴ

ወንድሜ፣ ይህን በመጻፍህ አመሰግናለሁ፤ ስለ ጠረጴዛው የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም በአቋሜ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። ሁላችሁም በሽታውን ገለጻችሁ፤ መድኃኒቱን ከተናገራችሁ ግን ሁልጊዜ የሚከፍለው ትንሹ ባለቤት ነው። በ2018 ከተማው "ሚኒያፖሊስ 2040" ብሎ በአንድ ቤተሰብ ቦታ ላይ እስከ ሦስት መኖሪያ እንዲሠራ ሲፈቅድ ለድሃ ቤት ይገኛል ተባለ። እኔ ግን አጎቴ ሰፈር ያየሁት አሮጌ ርካሽ ቤት ፈርሶ ሦስት ውድ አፓርታማ ሲቆም ነው።

የብድር ቤት ሠራተኛ

አንድ ቦታ ያየኸው እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ የሚለው የዞን ደንብ ለምን በትክክል የዘር ገደቡ በነበረባቸው ሰፈሮች ላይ እንዲህ ጸንቶ እንደቆየ ጠይቅ። ገደቡ ሲሻር ደንቡ በቦታው ቆመ፤ ዘር የሚለው ቃል ወጥቶ የቦታ ስፋትና የቤት ዋጋ የሚለው ገባ። የኖኮሚሷ ውል ውስጥ እኮ ሁለቱም ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ግንባታው ከስንት ዶላር እንዳያንስ ያለው አንቀጽ ከዘሩ አንቀጽ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ነው ያለው። 2040 ብቻውን ድሃውን ቤት ያስገዛዋል ብዬ አልከራከርም፤ ዳውን ፔይመንቱ ያው ነውና።

ነባር ሴንትፖላዊ

ልጄ ፋርማሲስቱ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ አማርኛህ አልተሰናከለም።

ለኑሮ በዘዴ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በ1960ዎቹ የእኩልነት ትግሉ ባይኖር ኖሮ አንተም እኔም ወደዚህ አገር መግቢያ ባልነበረን ነበር፤ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው ከሲቪል ራይትስ ሕጎቹ ጋር በአንድ መንፈስ ነው። ብሩክሊን ፓርክ ላይ ቤት ስትገዛ ዘርህን ያልጠየቁህ የ1968ቱ ሕግ ስለከለከላቸው ነው። ታዲያ "የእነሱ ታሪክ" የምንለው ለእኛ ቤት ቁልፍ ከሆነ የማን ታሪክ ነው እንበለው?

ኑሮ በዘዴ

ጋሼ፣ እዚህ ላይ መልስ የለኝም። አስብበታለሁ።

የኖኮሚሷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴም ተቀምጦ አንብቦታል።

ትናንት የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ሄጄ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ አየሁ። በኪንደርጋርተን ክፍሉ 19 ልጆች ቆጠርኩ፤ መምህርቷ በጉልበቷ ተንበርክካ ከአንድ ሶማሌ ልጅ ጋር ፊደል ትሰበስባለች፣ ጥግ ላይ ራዲያተሩ ይንኳኳል፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። "ጥሩ" ወይም "መጥፎ" የሚለው ቃል ከዚያ ክፍል ጋር አልገጥም አለኝ። ልጄን እዚያ እናስመዘግባታለን፤ የቤተ መጻሕፍቱን ቀን ለማስጨመርም የወላጆች ስብሰባ ላይ እገባለሁ። ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ንባቧ ወደ ኋላ ከቀረ ግን ሐሳቤን እንደምቀይር ለባለቤቴ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ።

ስለ ውሉ አንቀጽ ገና አልወሰንኩም። ቢሻር ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ተፍቆ ከጠፋ ልጄ ስታድግ ምን አሳያታለሁ?

የብድር ቤት ሠራተኛ

አይጠፋም። በ2019 የወጣው የሚኒሶታ ሕግ የሚፈቅደው ባለቤቱ አንቀጹን እንደማይቀበል የሚገልጽ ቅጽ እንዲያስመዘግብ ነው፤ አሮጌው ውል በመዝገቡ እንደተቀመጠ ይቆያል፣ የአንቺ ቅጽ ከእሱ በኋላ ይገባል። የዛሬ መቶ ዓመት ፋይሉን የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱንም በተርታ ያገኛቸዋል ማለት ነው። "ጀስት ዲድስ" በሚባለው ፕሮግራም ከተማው ውስጥ ያለ ክፍያ የሚያግዙ ጠበቆች አሉ፤ ማፒንግ ፕሬጁዲስ ካርታው ላይ ቤትሽን ፈልገሽ የሰነዱን ቁጥር አስቀድመሽ ያዢ። ከዚያ ውሉ ላይ የሎትና የብሎክ ቁጥሩን (የቦታውን መለያ) እዪ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው ከላይ በኩል ነው። ቅጹ የሚፈረመው በኖተሪ (በፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ነውና ባለቤትሽም አብሮሽ ከፈረመ መታወቂያውን እንዳይረሳ።

የኖኮሚሷ

ሎት 7፣ ብሎክ 12 ይላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ዕረፍት ነን።